የመዋቢያ ሳጥኑ አዲስ ደንብ፦ እስከ ዓርብ መልሱልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በየወሩ እየከፈልን በሚላክልን የመዋቢያ ሳጥን ላይ ወር መዝለል (የአንድ ወር ሳጥንና ክፍያ ማለፍ) በመከልከሉና የሰበሰብናቸው ነጥቦች በ3 ወር ይቃጠላሉ በመባሉ በጋራ የምንልከው ቅሬታ ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ስትመዘገቡ የደረሳችሁን ኢሜይልና የመጨረሻ ክፍያችሁን ስክሪንሾት ላኩልኝ፤ የካርድ ቁጥሩን ሸፍኑት።

መሰረዝ የምትፈልጉ ነጥባችሁን አስቀድማችሁ ተጠቀሙበት፤ አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ክፍያው ከሚታደስበት ቀን ቢያንስ 2 ቀን ቀድማችሁ ሰርዙ። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ስረዛ አይደለም፣ ክፍያው ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከመሄድዎ በፊት ቅናሽ እንስጥዎ» የሚለው ገጽ ላይ ነው፦ የጨረሰ መስሎት ይወጣል። የማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣ አልተሰረዘም ብላችሁ ቁጠሩት።

የዓመቱን በአንዴ የከፈላችሁ አትቸኩሉ፤ የእናንተ ጥያቄ ስለ ቀሪው ገንዘብ ስለሆነ በቅሬታ ደብዳቤው ለብቻ ይገባል።

«እፈርማለሁ» ወይም «አልፈርምም» ብላችሁ እዚሁ መልሱ።