አባባ፣ የመንገዱ ነገር ይኸውልዎት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ሐዋሳ።

ጤና ይስጥልኝ አባባ። ጉልበትዎን ቀለል አለልዎት? እማማስ እንዴት ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በቀደም በስልክ «እናንተ ዘንድ፣ ዋሽንግተን ድረስ መንገዱ ስንት ኪሎሜትር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዕድሜዎን ሙሉ መሪ ይዘው ለኖሩ ሰው «ሩቅ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከ11,500 ኪሎሜትር በላይ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን 275 ኪሎሜትር 42 ጊዜ እንደ መንዳት ይቁጠሩት።

የቲኬቱ ሰዓት እንዳያሳስትዎት። ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል ሲሉት የአንድ ሌሊት መንገድ ይመስላል። ግን መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ እኛ ከእናንተ 7 ሰዓት ወደኋላ ነን። ስለዚህ 17 ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ ነዎት። ወረቀቱ ላይ 22 የሚለውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ነው።

ይህችን ግን አደራ! አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ መሃል ላይ ያርፋል። መብራቱ ይበራል፣ አንዳንዱም ቆሞ ወገቡን ያፍታታል። ደረስኩ ብለው ሻንጣዎን እንዳያወርዱ። አስተናጋጇን በአማርኛ «ዋሽንግተን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ካላለችዎት ከወንበርዎ አይነሱ።

ለምን እንደሚያርፍ ልንገርዎት፤ ማወቅ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ከተሞላ በኋላ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብደዋል። ጭነት በሞላ ኤንትሬ የጭነት መኪና ዳገት ለወጣ ሰው ይህ አይጠፋውም። ደለስ ግን 100 ሜትር ከፍታ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሲመለሱ ነዳጁን ሞልቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ 13 ሰዓት ገደማ ውስጥ ቦሌ ይገባል። ነፋሱም ያግዘዋል። እዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ሲመጡ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ሲመለሱ ከኋላ።

ፊትዎ ባለው ስክሪን ካርታውን ሲያዩ አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን፣ ወደ አውሮፓ ሲያቀና መንገድ የሳተ ይመስልዎታል። አልሳተም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ነው።

የግፊት መድኃኒትዎን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ጭነት ክፍል የሚገባው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። እግርዎ እንዳያብጥ አልፎ አልፎ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ዊልቸር እጠይቅልዎታለሁ፣ እንቢ እንዳይሉኝ።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በሚኒባስ እሄዳለሁ ያሉት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በዋዜማው ገብተው አክስቴ ቤት ይደሩ፤ ረጅሙን መንገድ ደክሞዎት እንዲጀምሩት አልፈልግም።

አባባ፣ በጣም ናፍቀውኛል። ልጄም አያቱን በስልክ ብቻ አውቆ እንዲያድግ አልፈልግም፤ እርስዎም ጉልበትዎ ሳይብስ ይምጡልኝ። ከእማማ ጋር ቀኑን ቁረጡና እሁድ ስደውል ንገሩኝ። የሐዋሳውን ቲኬት ያኔውኑ እቆርጣለሁ።

የሚወድዎት ልጅዎ