ሶሎቪዮቭ ከ«ወዳጅነት» በላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ደራሲው ዶስቶየቭስኪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሩሲያዊውን ፈላስፋና ገጣሚ ቭላድሚር ሶሎቪዮቭን ግን «ወዳጁ» ብላችሁ ብቻ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ1878 ሁለቱ አብረው ወደ ኦፕቲና ገዳም ተጉዘዋል። ዶስቶየቭስኪ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጁን በቀበረ ሰሞን ነበር። በመጨረሻው ልቦለዱ ውስጥ ያለው ገዳም ከዚያ ጉዞ ብዙ ወስዷል።

ሶሎቪዮቭ ሶፊያን፣ ማለትም መለኮታዊ ጥበብን፣ ሦስት ጊዜ በራእይ እንዳያት ጽፏል። መጀመሪያ በልጅነቱ፣ ሞስኮ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሞ። ቀጥሎ ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ ክፍል። በመጨረሻ ግብፅ፣ በረሃ ላይ። ራእይ ሲባል ፊቱን የሚያዞር አንባቢ ይኖራል። ሰውዬው ግን በሐሳብ ብቻ የሚንሳፈፍ አልነበረም። በ1881 የሩሲያው ዛር (ንጉሠ ነገሥት) ዳግማዊ አሌክሳንደር ሲገደሉ፣ አዲሱ ዛር ገዳዮቹን በሞት እንዳይቀጡ በአደባባይ ጠየቀ። ይህን በዚያ ሰሞን መናገር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ብዙም ሳይቆይ ከማስተማር ሥራው ወጣ።

ከሱ በኋላ የመጡትንም እዩ። ገጣሚው ብሎክ ወጣት ሳለ በሶሎቪዮቭ ግጥሞች ተማርኮ ነበር። የሃይማኖት ፈላስፎቹ በርዲያየቭና ፍሎሬንስኪም ከሱ ቀድተዋል። ከሁሉም የሚገርመኝ ሰርጌይ ቡልጋኮቭ ነው። ማርክሲስት የነበረ ኢኮኖሚስት ቄስ ሆነ፤ የሶፊያንም ሐሳብ አስፋፋ። በ1935 የሞስኮ ፓትርያርክ መንበር ትምህርቱን አወገዘበት።

እባካችሁ፣ ለሶሎቪዮቭ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ