364 ቀን

ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። የዓይንዎ ቀዶ ሕክምና በደህና ማለቁን እማማ ነግራኛለች። ጠብታውን ግን እስከ መጨረሻው ያድርጉ፤ “ድኛለሁ” ብለው እንዳያቋርጡ። ትልቋ ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው “ሰ” ስትል ታፏጫለች። ትንሹ ፎቶዎን እያየ “አያቴ ለምን አይስቅም?” ይለኛል። አንቱታ ገና አልለመደም፤ አይቀየሙት።

ወንድሜ ማሙሽ ስልክ አላነሳ ያለዎት ስልኩ ተሰብሮ አይደለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ታስሮ ነበር። አሁን ወጥቶ እኔ ዘንድ ነው። ይህን ገጽ ለእማማ አያንብቡላት።

ፓርኪንግ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ አፍንጫውን ሰበረው። መጀመሪያ የተከሰሰው በሁለተኛ ደረጃ ድብደባ ነበር። እናንተ ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት እንደምትሉት፣ ዋሽንግተን ስቴት ከባዱን ወንጀል ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይመድባል። ይሄኛው ቢ ነው፤ ጣሪያው 10 ዓመት። በዚያ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1993 ሕዝቡ በድምፁ ባወጣው ሕግ፣ ከሦስቱ ከባድ ጥፋቶች አንዱ ተብሎ ይያዝበታል፤ ሦስት የሞላበት ሰው ዕድሜ ልኩን አይወጣም።

ጠበቃዋ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተደራድራ ወደ አራተኛ ደረጃ፣ ወደ ቀላሉ ወንጀል፣ አስወረደችለት። የተፈረደበት 364 ቀን ነው፣ አብዛኛው በገደብ። “ለምን 365 አልሆነም?” ሳይሉ አይቀሩም። የፌዴራሉ ሕግ በድብደባ ወይም በስርቆት የተፈረደ አንድ ዓመት፣ በገደብም ቢሆን፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር ይዳርገዋል ይላል። ድሮ ዳኞች 365 ፈርደው 360ውን ይገድቡት ነበር፤ አምስት ቀን የታሰረው ሰውዬ በኢሚግሬሽን ዓይን የዓመት ፍርደኛ ነው። በፈረንጆቹ 2011 የስቴቱ ምክር ቤት ከቀላሉ ወንጀል ጣሪያ ላይ አንዲት ቀን ቀነሰ። ያቺ ቀን ባትቀነስ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንከራከር ነበር።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሕግ ስለሚወዱ ነው። ደግሞም ወደ ሌላው ነገር ላለመድረስ ነው።

የእትዬ ሬዲዮ የጠፋ ጊዜ ማሙሽ 11 ዓመቱ ነበር። እጁን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያስረከቡት እርስዎ ነዎት፤ “የፍርድ ቤት ሰው ልጁን ደበቀ አይባልም” ብለው። ጋቢ ይዤ ተከተልኳችሁ። በሩ ላይ “ተመለሽ” አሉኝ። ጋቢውን እንኳ አልተቀበሉኝም። የደሴን የኅዳር ሌሊት ያውቁታል። ሬዲዮው በኋላ ከየት እንደተገኘ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይቅርታ ያለው ግን የለም። ጋቢውን እስከ ዛሬ ሳጥፍ እጄ ያመኛል ብልዎ ማጋነን ይመስልዎታል።

ከእስር የወጣ ቀን ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በላስቲክ ይዞ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ገና በሩን ሳይዘጋ፣ “ለአባባ ነገርሻቸው?” አለኝ። ዕድሜው 34 ነው።

አልነገርኩም አልኩት። እሁድ ስደውል ስልኩን እሰጠዋለሁ። እባክዎ፣ ስለ ፍርዱ እንዳይጠይቁት። ምክርም ይቅር። “እራትህን በላህ ወይ?” ይበሉት ብቻ።

የጠብታው ብር ረቡዕ ተልኳል፤ ባንክ ሲሄዱ መታወቂያዎን እንዳይረሱ። ደግሞ የበረንዳውን ደረጃ በማታ ብቻዎን አይውረዱ፤ ዓይንዎ ገና ነው።

ልጅዎ