የምክር ክፍሉ በር ከመዘጋቱ በፊት መባል ያለበት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተማችን በጎንደር የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥባቸው ክፍሎች እየበረከቱ መጥተዋል። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ በግል ክሊኒኮችና ተፈናቃዮችን በሚረዱ ድርጅቶች ዘንድ ሰው ጭንቀቱን የሚያዋየው ባለሙያ ማግኘት ጀምሯል። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በሩ ላይ «ምሥጢርዎ የተጠበቀ ነው» ተብሎ እየተለጠፈ፣ ውስጥ የገባው ሰው ምሥጢሩ በማን እጅ እንደሚቀመጥና መቼ ከዚያ ክፍል ሊወጣ እንደሚችል ሳይነገረው ማውራት ስለሚጀምር ነው። ይህ ንግግር የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የሚዘለለው ግን እርሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ተገልጋዩ ካርድ ሲያወጣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር የስምምነት ቅጽ ይሰጠዋል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ አለዚያም ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ አማርኛ ነው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላል፤ ይፈርማል። ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ አድሮ የመጣ ሰው ነጭ ጋወን ፊት ቆሞ «ምንድን ነው የምፈርመው?» ብሎ አይጠይቅም። «አንቱ ያውቃሉ» ይላል። ይሉኝታው፣ ወረፋው፣ የመመለሻው መኪና ሰዓት ተደማምረው «እሺ» ያሰኙታል። እንዲህ የተገኘ «እሺ» ፈቃድ አይባልም፤ ካርድ ክፍል ሠራተኛም ሊቀበለው አይገባም። ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት ምክሩን የሚሰጠው ባለሙያ ራሱ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰውዬው ችግሩን ከመዘርገፉ በፊት ነው።

ምን ይባላል? ለጀማሪ ባለሙያዎች ይጠቅም እንደሆነ አንድ አነጋገር በቁሙ ላስቀምጥ፦

«እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ከተስማማን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ50 ደቂቃ ያህል እንገናኛለን። መጀመሪያ አካባቢ ያለፈውን ማንሳት ሊከብድዎ፣ እንቅልፍም ሊነሳዎ ይችላል። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ይዝለሉት፤ በፈለጉ ጊዜም ማቆም ይችላሉ፤ ስላቆሙ ሌላው ሕክምናዎ አይጓደልም። የሚነግሩኝን ለባለቤትዎም ለወንድምዎም ለአለቃዎም አልናገርም። ሕይወትዎን ለማጥፋት እንደተቃረቡ ካየሁ፣ በሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሆነ ካወቅሁ፣ ወይም ሕፃን ልጅ እየተጎዳ እንደሆነ ከሰማሁ ግን ዝም ማለት አልችልም። ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካዘዘኝም የታዘዝሁትን ያህል እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ፣ በተቻለኝ መጠን አስቀድሜ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ «ገባዎት?» ማለት አይበቃም፤ «አዎ» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቀው፤ ለሌላ ሰው የምናገረው ምን ሲገጥመኝ ነው አልኩ?» ብሎ መልሶ ማስነገር ይሻላል። «ለማንም አይናገሩም ብለዋል» ካለ ገና አልተግባባንም ማለት ነው፤ እንደገና መጀመር ነው። ይህን ሲያደርጉ ጊዜ የባከነ የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። ያልተደረገ ጊዜ የሚመጣውን ግን አስቡት፦ አንዲት እናት «ሁሉም ምሥጢር ነው» ተብላ ስታበቃ ልጇ በዘመድ እየተጎዳ መሆኑን ትናገራለች። ባለሙያው ዝም ቢል ልጁ ይጎዳል፤ ቢናገር ቃሉን አፈረሰ። እናትዬዋ ዳግመኛ አትመጣም፤ በሰፈሯም ሊመጣ ያሰበ ሰው ካለ ይቀራል። ወሰኑን ቀድማ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ምን፣ መቼና እንዴት እንደምትናገር ራሷ ትመርጥ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አካባቢ ሰው ምሥጢሩን የሚያዋየው ለንስሐ አባቱ ነው፤ ወደ ምክር ክፍል ሲመጣም ያንኑ ዓይነት ዝምታ ጠብቆ ነው። አማካሪ ግን ማኅደር ይይዛል፤ ከበላይ ባለሙያው ጋር ስለ ጉዳዩ ይመካከራል፤ በሆስፒታል ከሆነም ካርዱን ሌላ ሐኪም ሊያየው ይችላል። ይህ ነውር የለበትም፤ ሙያው የሚሠራበት መንገድ ነው። ሳይነገር ሲቀር ግን ሰውየው የተታለለ ሆኖ ይሰማዋል፤ ልክም ነው።

ከጎንደር ወግ ጋር የሚገጥሙ ጥቂት ጉዳዮችን ላንሳ፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት እነዚህን ብዙም አያነሷቸውም።

መጀመሪያው አስታማሚ ነው። ታማሚው ብቻውን አይመጣም፤ ወንድም፣ ባል፣ አክስት አብሮ ይገባል፤ ወጪውንም የሚሸፍነው እርሱ ሊሆን ይችላል። «ወንድምዎ እዚህ ይቀመጡ ወይስ ይውጡ?» ብሎ ወንድሙ ፊት መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ «ይቀመጥ» ነው። ትክክለኛው አካሄድ ሁሉንም በአክብሮት ተቀብሎ፣ አስታማሚውን ስለ ድካሙ አመስግኖ፣ «ከሁሉም ሰው ጋር መጀመሪያ ለብቻ ጥቂት እናወራለን፤ ደንባችን ነው» ብሎ ውጭ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። አስታማሚው ኋላ «ምን አለችዎ?» ቢል መልሱ «እርሷ ብትነግርዎ ነው የሚያምረው» ይሁን። አስታማሚው የሚነግረንን መስማት ግን ምሥጢር ማውጣት አይደለም፤ እርሱን ከመስማት የሚከለክለን የለም።

ሁለተኛው ሰላምታ ነው። ትልቅ ከተማ አይደለንም፤ ፒያሳ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ዕድር፣ ሠርግ፣ የጥምቀት በዓል ላይ አማካሪና ተገልጋይ መገናኘታቸው አይቀርም። ባለሙያው ቀድሞ ቢያቅፍ አጠገብ ያለው ሰው «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ይላል። አይቶ ቢያልፍ ደግሞ በእኛ አገር ሰላምታ መንፈግ ንቀት ነው። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ነው፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልም፤ ስለናቅሁ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ካሉኝ በደስታ እመልሳለሁ።»

ስልክም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ለብዙ ሰው ያገለግላል። «ነገ 4 ሰዓት የምክር ቀጠሮ አለዎት» የሚል መልእክት ልኮ አማችየው ቢያነበው ጥፋቱ የባለሙያው ነው። አስቀድሞ «በዚህ ቁጥር ብደውል ሌላ ሰው ያነሣል? ማን ነኝ ልበል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ይገባል። በዚያው ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨመር፦ «ስለ ደኅንነትዎ ቢያሳስበኝ ለማን ልደውል?» ሰዉ ራሱ የመረጠው ስም በወረቀት ከሰፈረ፣ በክፉ ቀን ባለሙያው ያገኘው ዘመድ ሁሉ ጋ አይደውልም።

ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለታል፤ ምስክር ፊት የጣት አሻራውን ያኖራል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ ይታያል፤ ምስክሩ እዚያው ተቀምጦ ችግሩንም ይሰማል። ምስክሩ የሚያስፈልገው ቅጹ መነበቡንና ሰውየው በፈቃዱ አሻራ ማኖሩን ለማየት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይውጣ። ድምፅ ወይም ምስል መቅዳት የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለጥናት መሳተፍም እንደዚሁ። ሁሉንም በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ መውሰድ ትክክል አይደለም።

የዩኒቨርሲቲያችን መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ጎንደሬ በሕክምና ክፍል ተማሪ ማየት አያስደነግጠውም። በምክር ክፍል ግን ነገሩ ይለያል። አራት ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አንዲት ልጅ መደፈሯን እንድትናገር መጠበቅ ጭካኔ ነው። ተማሪ መኖሩ፣ ስንት መሆኑ፣ ማን መሆኑ ከመግባታቸው በፊት ይነገራት፤ «አይሆንም» ካለች ያለ አንድ ጥያቄ ይውጡ። አማካሪው ራሱ ተማሪ ከሆነም «ሠልጣኝ ነኝ፤ የሚቆጣጠረኝ መምህር አለ» ማለት አለበት።

በጉዳይ ውይይት ላይ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። «ከአርማጭሆ የመጣች፣ ባሏ ፖሊስ የሆነ፣ መንታ ልጆች ያሏት» ከተባለ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አንዱ ያውቃታል። ለትምህርቱ የማያስፈልገውን መተው፣ የሚያስፈልገውንም አካባቢውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ለውጦ ማቅረብ ይገባል። ከውይይቱ በኋላ በባጃጅና በካፌ የሚቀጥለው ወሬ ደግሞ ጨርሶ መቆም አለበት።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የልጁም የራሱ እሺታ አብሮ ይጠየቃል። ጉዳት የሚያደርስበት ራሱ ወላጁ ከሆነ ግን ፈቃድ ፍለጋ ወደ እርሱ መሄድ ልጁን መልሶ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ያኔ መንገዱ የሕፃናት ጥበቃ ነው። በተረፈ በመጀመሪያው ቀን ወላጅ፣ ልጅና አማካሪ ለሩብ ሰዓት አብረው ተቀምጠው ወላጅ ምን እንደሚነገረው ይስማሙ፦ ልጁ መምጣት አለመምጣቱ፣ በጥቅሉ እየተሻለው መሆኑ፣ አደጋ ካለም አደጋው። ዝርዝሩ የልጁ ነው። ስም ጠሪ መምህርና ዩኒት ሊደር «ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁት በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ሊያውቁ የሚገባው ግን ለማስተማር የሚጠቅማቸውን ያህል ነው፤ «ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ለጊዜው ሰሌዳ ላይ አታውጡት» የሚለው ይበቃል።

ሕጉ የለም እንዳይባል፣ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው ምርመራና ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ባለሙያ በእምነት የተነገረውን እንዲያወጣ እንደማይገደድ ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ አንቀጽ 400 ደግሞ የምሥጢሩን ባለቤት ፈቃድና የፍርድ ቤት ውሳኔን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ይመድበዋል። በሙያው ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የታራሶፍ ውሳኔ፣ ባለሙያ አደጋ የተደቀነበትን ሦስተኛ ወገን መጠበቅ እንዳለበት ያስተምራል፤ ነገር ግን የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ እኛን የሚገዛን የእኛው ሕግ ነው።

በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? ፖሊስ ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ «ማኅደሩን ስጡን» ቢል መልሱ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ በጽሑፍ ይምጣ» ነው። ወረቀቱ ሲመጣም ከማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅ ይነበባል፤ ተገልጋዩ ይነገረዋል፤ የተጠየቀው ብቻ ይሰጣል። ፍርድ ቤት «ክትትል ላይ ነበረ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ አዎ ወይም አይደለም፣ ከነቀኑ ነው፤ ሙሉ ማኅደሩ አይላክም። ክፍያውን የሚሸፍን አሠሪም የሚያገኘው ሠራተኛው የቀረበባቸውን ቀኖች ብቻ ነው፤ ያውም ሠራተኛው ሲፈቅድ። በአደጋ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሊደርስለት ለሚችል ሰው፣ ለመድረስ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይነገራል፤ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንደተነገረ ወዲያው ይጻፋል።

መዝገብ አያያዝ ላይ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር የለም። ማኅደሩ ላይ ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው ደብተር ሌላ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ። በኮሪደር «የምክር ክፍል ባለተራ ወይዘሮ እገሌ!» ተብሎ አይጠራ፤ ቁጥር ይጠራ። በፍላሽ ተይዞ በኢንተርኔት ቤት የሚታተም ሪፖርት አይኑር።

በተለይ የሚያሳስበኝ በፕሮጀክት የሚሠሩ ድርጅቶች ማኅደር ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮው ይለቀቃል፣ ወንበሩና ኮምፒዩተሩ ይከፋፈላል፤ ማኅደሮቹ በካርቶን ታስረው መጋዘን ይጣላሉ፤ ኮምፒዩተሩም መረጃው ሳይጠፋ ለሌላ ይተላለፋል። ስለዚህ ለከተማው ጤና መምሪያና ለድርጅቶቹ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የምክር አገልግሎት የሚጀምር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ወረቀት ያቅርብ። አንዱ በሚነበብ አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲዘጋ ማኅደሮቹን የሚረከበው ባለሙያ ወይም ተቋም ማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያቆያቸው፣ ከዚያም በምን ሁኔታ እንደሚያስወግዳቸው የሚገልጽ፣ ተረካቢው የፈረመበት ሰነድ ነው። ለተገልጋዩም ቅጹ ሲነበብለት ይህ አብሮ ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከጎንደር