የአትክልት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ባልዲ ውስጥ ያደሩ ማንጎዎች

ከመምህራን ማረፊያው ጀርባ ባልዲ ደርድረን የምታዩን እኛ ነን። «በዚህ ብርድ ማንጎ? አትድከሙ» ያላችሁንም አልረሳናችሁም። ከተከልናቸው 14 ችግኞች 10ሩ ዛሬም ቆመዋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደ ሁልጊዜው ነበር። አባላት መዘገብን፣ ባልዲ በሳን፣ ተከልን፣ ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን። አንድ አቮካዶ ውሃ አብዝተንበት ሥሩ በሰበሰ። ፓፓያዎቹ ሦስቱም ሞቱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፓፓያ ውርጭ አይችልም። እኔ ደግሞ መሬት ላይ እንዳለ ዛፍ ቆጠርኳቸው። መሬት ውስጥ ያለ ሥር ዙሪያውን ያለው አፈር ሙቀት ይይዝለታል። ባልዲ ውስጥ ያለው ግን ብርዱ በአራቱም ጎን ይገባበታል።

ከዚያ በኋላ ነው «ሌሊቱን እንለካው» ያልነው። ወላጆች ፈቀዱና 11 ተማሪዎች ይዤ ግቢ ውስጥ አደርን። ያለን ቴርሞሜትር አንድ ነው፤ እሱም ከላቦራቶሪ በውሰት። (ለኳስ ቡድኑ ማልያ ሲገዛ አጨብጭበናል። ተራችንን እየጠበቅን ነው።) ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ውርጭ የሚወደው እንዲህ ያለውን ሌሊት ነው። ልጆቹ ቴርሞሜትሯን ይዘው ከግድግዳው ሥር ወደ ሜዳው ጎድጓዳ፣ ከጎድጓዳው ወደ ግድግዳው ሲመላለሱ አደሩ። ሊነጋ ሲል ግድግዳው ሥር 4 ዲግሪ፣ ጎድጓዳው ውስጥ 1 ዲግሪ። ግድግዳ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይሰጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። 1 ዲግሪ እያለ እንኳ ሣሩ ነጭ ለብሶ ነበር፤ ጥርት ባለ ሌሊት ቅጠል ከአየሩ ይብስ ይቀዘቅዛል። ይህን በሰሌዳ ሦስት ጊዜ አስተምሬያለሁ። የገባቸው ጣታቸው ሲደነዝዝ ነው።

በማግስቱ ባልዲዎቹን ግድግዳው ሥር ደረደርናቸው። ለማወዳደር አንድ ማንጎ ብቻ ጎድጓዳው ውስጥ ቀረ። ብዙም አልቆየ፣ ቅጠሉ በሙሉ እሳት የለበለበው መሰለ። ልነቅለው ስል ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ቆይ» አለችኝ። ግንዱን በጥፍሯ ጫር አደረገች። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው። «አልሞተም።»

አልነቀልነውም፣ የደረቀውንም ቅርንጫፍ አልቆረጥንም። አየሩ ሞቅ ሲል አንድ ቀን ማረፊያ ክፍል ድረስ መጥታ ምንም ሳትናገር በጋውኔ እጅጌ ጎተተችኝ። ከግንዱ ግርጌ መዳብ የመሰለች ቀንበጥ ወጥታለች።

ለመጪው ዓመት ሦስት ቴርሞሜትርና ባልዲ የሚጫንበት ጋሪ እንፈልጋለን፤ ወገባችን አለቀ። ችግኞቹን ሌሊት የምናለብስበት አሮጌ ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ ያላችሁም ለክበቡ አባላት ስጡ። ፕላስቲክ ግን አታምጡ። ውርጭ ባለበት ሌሊት የነካውን ቅጠል ያጠፋዋል፤ እሱንም ሞክረነዋል።