ድባቴንና የፆታ እኩልነትን አብራችሁ እዩልን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የፆታ እኩልነት ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚተው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ድባቴን (ዲፕሬሽን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም) ለመከላከል የምትሠሩት ሥራ አካል እንዲሆን ለመጠየቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶቹ በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል። ይህን የሴት ተፈጥሮ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና 15 አገሮችን ያካተተ ጥናት የሴቶች ሚና ከልማዳዊው እየተላቀቀ በሄደበት ትውልድ ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱን አሳይቷል። በአውሮፓ አገሮች መካከል የተደረገ ሌላ ንጽጽር ደግሞ እኩልነት በሰፈነበት አገር ድባቴ በሴቶችም በወንዶችም ዘንድ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ የወንዶቹ ነገር ነው፤ እኩልነት ከወንዱ ተቀንሶ ለሴቷ የሚሰጥ አለመሆኑን ያሳያልና።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

እናት ልጇን ለ45 ቀን ክትባት ስታመጣ ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ቀጠሮም ይያዝለታል። እሷ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይደክመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ስትል ግን ማስታገሻ ተሰጥቷት ትሸኛለች። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር ስታነጋ የሚያግዛት ይኑር አይኑር፣ ባሏ እጁን ያንሣባት አያንሣባት አንጠይቃትም፤ ብንጠይቃትም አማቷ አጠገቧ ቆመው እንዴት ትመልስልን? ባልየውንማ ጨርሶ አናየውም። የቤቱን ወጪ ብቻውን ይሸከም ዘንድ የተፈረደበትና «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ሰው፣ ሥራ ሲያጣ ጭንቀቱን ይዞ የሚሄደው ወደ አረቄ ቤት ነው። በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ መሆናቸውን እያወቅን የእሱን ዝምታ እንደ ጤንነት መቁጠራችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የድባቴ ምርመራ በወሊድ ክትትልና በክትባት ቀን እንዲካተት፣ እናቶች ለብቻቸው የሚጠየቁበት ክፍል እንዲመደብ፣ አባቶችም በስማቸው ተጠርተው ስለ ራሳቸው ጤና እንዲጠየቁ መመሪያ አውጡልን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲሄዱ የቤት ሥራ ክፍፍልንና ጥቃትን ከአእምሮ ጤና ጋር አያይዘው እንዲያነሡ አሠልጥኗቸው፤ የድባቴ ሪፖርትም በፆታ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ይቅረብ። ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁ ይህን ከየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች እንደምትጀምሩ በይፋ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ