እንጨትን እንደ ብረት አናስላው

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደሴ ውስጥ የህንጻ መዋቅር ስሌት ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት የአንድ እህል መጋዘን ጣሪያ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል ተብዬ ሄድኩ። ወራጆቹ የባህር ዛፍ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተሰበሩም። ወራጆቹ ያረፉበት በግድግዳው ላይ የተጋደመው እንጨት ግን ተጨፍልቋል። አውራ ጣቴን ስጨምርበት ጥፍሬ እስኪሸፈን ገባ።

ስሌቱን አስመጥቼ አየሁት። መዋቅሩን በኮምፒውተር ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ በሚያሰላው፣ ፋይናይት ኤለመንት በሚባለው ዘዴ፣ በሦስት ልኬት የተሠራ ነው። ለእንጨቱ ግትርነት፣ ማለትም ሲጫኑት ወይም ሲስቡት ቅርጹን ላለመለወጥ ለሚያሳየው ጥንካሬ፣ የገባው ግን እንደ ብረት በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቁጥር ነበር። እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲገፋ ከጎን ሲጫኑት ካለው ግትርነት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። ተጋዳሚው እንጨት የተጫነው ከጎኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቤት ያለውን ጋቢ ማንሳት ይበቃል። በድሩ ቢስቡት እምብዛም አይለጠጥም፣ በማጉም እንዲሁ። በሁለት ማዕዘኖቹ ይዘው በሰያፍ ቢስቡት ግን ይለጠጣል። ሸማኔ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሰያፉ ግትርነት ከድሩና ከማጉ ተሰልቶ አይገኝም፤ ራሱን ችሎ መለካት አለበት። ለብረት 2 ቁጥር ሲበቃ ለእንጨት 9 የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሦስቱ በሦስቱ አቅጣጫ ሲሳብ ወይም ሲጫን ያለው ግትርነት፣ ሦስቱ የሸርተቴ ግትርነት (እንደ ጋቢው ሰያፍ)፣ ሦስቱ ደግሞ የፖይሰን ምጥጥን፣ ማለትም በአንድ በኩል ሲጫን በጎኑ ምን ያህል እንደሚያብጥ።

ዘጠኙን ማስገባት ብቻውን አያድንም። በስሌቱ ውስጥ ያዘነበለ ወራጅ ቁጥሮቹ የሚለኩበት አቅጣጫ ከቃጫው ጋር አብሮ ማዘንበል አለበት። በህንጻው አግድምና ቁልቁል ከተተወ ትክክለኛው ቁጥር በተሳሳተ አቅጣጫ ይሠራል። በ20 ዲግሪ ብቻ ቢስት የእንጨቱ ግትርነት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል።

ስሌቱን የሠራው ወጣት ሰነፍ አይደለም፤ የተለማመደው በብረትና በኮንክሪት ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለመምህራንና ንድፍ ለሚያጸድቁ ባለሙያዎች ነው፦ የእንጨት ሥራ ሲቀርብላችሁ የቁጥሮቹን ምንጭና የቃጫውን አቅጣጫ የሚያሳየውን የቀስት ሥዕል ሳታዩ አትፈርሙ።

እኔና ወጣቱ ስሌቱን አብረን ደገምነው። ቀድሞ ምንም ያልታየበት የስሌቱ ሥዕል፣ ተጋዳሚው እንጨት አውራ ጣቴ በገባበት ቦታ ላይ ሲሰምጥ አሳየን። አሁን ከእያንዳንዱ ወራጅ ሥር ሰፊ የብረት ሳህን እያስገባን ነው።

የመዋቅር መሐንዲስ፣ ከደሴ